ፊት ለፊት የተሠሩ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ቶራንስ፣ ሥራ ቦታ። ለወ/ሮ ሶልቬግ አጃ አብስዬ፣ ካልሲ አልብሼ አሁን ቁጭ አልኩ። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ቀን ቀን የምንከባከባቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ከፍቷቸዋል። ኖርዝ ዳኮታ ገጠር፣ አያታቸው ከኖርዌይ ከመጡ ገበሬዎች ጋር ያቋቋሙት የሉተራን ቤ/ክ ሊዘጋ ነው። ሰው አለቀበት። ለመሰናበቻው አምልኮ ታሪኩን በቪዲዮ ይንገሩን ብለዋቸዋል። ሪኮርድ የማደርገው እኔ። ኦኬ።

ስማኝ ደብተሬ፣ እኛም ዘንድ ሰላም የለም። ፌርፋክስ፣ ሐበሻ ሰፈር፣ አዳራሽ ተከራይታ የምታመልክ ትንሽ የወንጌላውያን ቤ/ክ አለችን፤ በድራም ምክንያት ልትከፈል ነው። ባሌ ግርማ ለመዝሙር ድራም ይግባ ባይ፤ ወንድሜ ዳንኤል ከገባ እወጣለሁ ባይ። እኔ መሐል። ራሴን ያመኛል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ቀረጻ። ወ/ሮ ሶልቬግ ሊፕስቲክ ተቀቡ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ የሚያመልኩት በየጎጇቸው ነበር አሉ። ከዚያ እንጨት አዋጥተው ነጭ ቤ/ክ ሠሩ። ከዚያ በአንድ ጥያቄ ተጣሉ። እግዚአብሔር ሰውን የሚመርጠው እንዲሁ ነው ወይስ እንደሚያምን አስቀድሞ አይቶ? ግማሾቹ ወጥተው ሌላ ሠሩ። የት? ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት። ቀለሙም ያው ነጭ። ደወሉ ብቻ ተለቅ ያለ። እሁድ እሁድ ሁለቱ ደወሎች ሲፎካከሩ ሰባኪ አይሰማም። ስስቅ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። እንደገና ቀረጽን።

ማን ነበር ትክክል? አልኳቸው።

«አያቴ።»

እሳቸው የትኛውን ነበር የሚያምኑት?

አሰቡ። «ረስቼዋለሁ። ግን ትክክል ነበሩ።»

እሁድ፣ ኦክቶበር 12

ዳንኤል አዳራሽ አገኘ። የት መሰለህ? ከመንገዱ ማዶ፣ ጎማ ቤቱ አጠገብ። ግርማ ጭራሽ ደስ ብሎታል፤ ስፒከሩን በር ላይ አደርገዋለሁ ይላል። ሁለቱን አስቀምጬ የኖርዌዮቹን ታሪክ ነገርኳቸው። ግርማ፣ አየሽ፣ ጥፋተኞቹ የወጡት ናቸው አለ። ዳንኤል ደወሉ ስንት ማይል እንደሚሰማ ጠየቀኝ። ተስፋ ቆረጥኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ቀሪውን ስንቀርጽ፣ ታዲያ በምን አለቀ? ብዬ ወ/ሮ ሶልቬግን ጠየቅኩ። አንድ ክረምት ነፋስ የማዶውን ቤ/ክ ጣራ ይዞት ሄደ። በረዶ። የወዲህኞቹ ሴቶች ሽማግሌዎቹን ሳያስፈቅዱ በሩን ከፈቱ፣ ምድጃ አነደዱ፣ ሾርባ ጣዱ። የማዶዎቹ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። ወንዶቹ ውጭ ቆሙ፤ ብርዱ ሲጠና እነሱም ገቡ። ለብዙ ዓመት እነዚያ በግራ፣ እነዚህ በቀኝ ተቀመጡ። የወ/ሮ ሶልቬግ አባት ከቀኝ፣ እናታቸው ከግራ ነበሩ፤ ተጋቡ። ሽማግሌዎቹስ ታረቁ?

«ኧረ የለም፤ ሞቱ እንጂ።»

ቪዲዮው አልቆ ስልኩን ሳስቀምጥ እንባቸው መጣ። ሁለት ነበርን፣ አንድ ሆንን፣ አሁን የለንም አሉ። እጃቸውን ያዝኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ነገ ዳንኤል አዳራሹን ይከፍታል። እናም ዛሬ ለሚስቱ ለሜሮን ደወልኩ። እሷም ታክቷታል። ቀጥሎ ለእትዬ በላይነሽ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ወጥ ቤት አለቃ ናቸው። እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር አሉኝ። ከሁለቱም ወገን ያለን ሴቶች ተስማማን፤ ነገ ምሳ የሚቀርበው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ በድሮው አዳራሽ። ማዶ ውሃ እንኳ አይሄድም። የድራሙ ነገር ከምሳ በኋላ ይታያል።

ግርማ አያውቅም። ዳንኤል አሁን ደውሎ፣ የነገ ምሳ ምንድን ነው አለኝ። ዶሮ አልኩት። ደስ አለው። የት እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።