ለሁሉም ይድረስ፣ ከእትዬ ዘነበች በቀር

ሰኞ

በሙሉ ልቤና በንጹሕ ኅሊናዬ እናዘዛለሁ፦ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ወንድሙን ዛሬ ደጋግሜ ገድያቸዋለሁ። አንዴ በሕመም፣ አንዴ በድንገት፣ አንዴ ምክንያቱን ባዶ ትቼ። ለሙከራ ነው። የሞት መልእክቱ በትክክል መውጣቱን ለማየት የሆነ ሰው መሞት ነበረበት፤ እሳቸው ደግሞ ከጎኔ ተቀምጠው «አልገባኝም፣ እስቲ እንደገና» እያሉ ሲያደርቁኝ ዋሉ። መልእክቱ የደረሰው ወንድሜ ናሆም ስልክ ላይ ብቻ ነው። «ነፍስ ይማር» ብሎ መለሰልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግማሹ ሰፈር ፈርሶ ሰዉ ከፒያሳ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። አፍንጮ በር ላይ ጡሩንባ የፈለገውን ያህል ቢነፋ ከተማ ዳር ድረስ አይሰማም። ስለዚህ እድሩ በስልክ መልእክት ይጥራ ተባለ። ፕሮግራሙን ናሆም ጀመረው፤ የቢሮ ሥራ ሲበዛበት እኔ ላይ ጣለው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ደሞዜ ምርቃት ነው።

ዛሬ «አባል» የሚለውን ስኪማ ጨረስኩ። ስኪማ መረጃው የሚፈስበት ቅርጽ ነው፦ ስም፣ ስልክ፣ ቤተሰብ። ናሆም «አንዴ ጻፊው፣ ከዚያ በፈለግሽበት ቦታ እሱኑ ጥሪ» ይላል። እኔም የመዋጮ ማስታወሻው፣ የስብሰባ ጥሪውና የሞት መልእክቱ ሦስቱም ያንኑ አንድ «አባል» እንዲጠቀሙ አደረግኩ። አሪፍ ሥራ! ጋሽ ወንድሙ የድሮ ወርቅ ሠሪ ስለሆኑ እንደ ቀለበት ማፍሰሻ ነው አልኳቸው። «ገባኝ» አሉና ላፕቶፑን አንስተው ከሥሩ አዩት። ስልክ የሚነኩትማ እንደ በር ደወል ነው፤ በአንድ ጣት ይጫኑና የሚከፍትላቸው ሰው ይጠብቃሉ።

ማክሰኞ

ጋሽ ወንድሙ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ሙድ ልይዝባቸው አፌን ስከፍት ፊታቸውን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

ብሩክ ሞቷል።

የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ልጅ። አንድ ልጃቸው። ከባድ መኪና ነበር የሚነዳው፤ አዋሽ አካባቢ ተገለበጠ። ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው። ስወድቅ እየሳቀ፣ ግን እየሮጠ መጥቶ ያነሳኝ ነበር።

«ሬሳው ሐሙስ ማታ ይገባል። ዓርብ ሊነጋጋ ሲል እናረዳታለን» አሉ። «እስከዚያ የወሬው ጠረን እንኳ እንዳይደርሳት። ለእድርተኛው ላኪ።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ ከቦ፣ እጅ ይዞ ነው የሚነገረው። ድሮ ጡሩንባ ነፊው የሐዘንተኛዋን ደጅ ዘሎ ነበር አሉ የሚነፋው።

መልእክቱን ጻፍኩ፦ «ወጣት ብሩክ ስላረፈ፣ ዓርብ ከንጋቱ 11 ሰዓት እናቱን ለማርዳት እንድትገኙ።» ጣቴ «ላክ» ላይ ሲደርስ ክው አልኩ። የሚሄደው ለማን ነው? ለእያንዳንዱ «አባል»። እትዬ ዘነበችስ? አባል ናቸው፤ ስም፣ ስልክ፣ ቤተሰብ። እናት መሆናቸውን ቅርጹ የት አውቆ።

«አባል» ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ዝም ይባል»። ለሁሉም «አይ»፣ ለእሳቸው «አዎ»። መጀመሪያ በናሆም ስልክ ሞከርኩት። ከዚያ ላክሁ። ሠራ። ጋሽ ወንድሙ «ጎበዝ» አሉኝ። ጎበዝ ተብዬ እንዲህ ከፍቶኝ አያውቅም።

ረቡዕ

እትዬ ዘነበች የሚሠሩት ፒያሳ ካለ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሌላ መንገድ ልዞር ስል አዩኝ።

«አንቺ ቀልቃላ! ሰላም ሳትይኝ ልታልፊ?»

ቦምቦሊኖ ሰጡኝ። እንደሁልጊዜው።

«ብሩክ እኮ ስልኩ ዝግ ነው። ከትናንት ወዲያ ማታ ነው የደወለልኝ።»

«ኔትወርክ ይሆናላ፣ እትዬ። በረሃ አይደል?»

«እኔም እሱን ነው የምለው። ሲመጣ ግን ጆሮውን ነው የምይዘው!»

ቦምቦሊኖውን ገመጥኩ። እስከ ጊዮርጊስ አጥር ድረስ በአፌ ይዤው ሄድኩ።

ትልልቅ ሰዎች ደግሞ መደበቅ አይችሉበትም። ሰፈሩ በአንድ ቀን ደግ ሆነ። ማታ እትዬ ዘነበች ጨው ሊጠይቁ ብቅ ቢሉ፣ እማዬ ጨው፣ ስኳርና ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት አሸከመቻቸው። «ምን ነካሽ?» አሏት። እማዬ «ምንም» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሰላይ ብትሆን በመጀመሪያው ቀን ትያዝ ነበር።

ሐሙስ

ጉድ ፈላ። ከትምህርት ቤት ስመጣ እትዬ ዘነበች ስልካቸውን ይዘው ደጃችን ላይ ቆመዋል።

«ሶስና፣ እስቲ ይሄን እይልኝ። ባለሱቁ እሁድ የእድር ስብሰባ አለ፣ መልእክት ደርሶኛል አለኝ። ለኔ የለም። የታለ አሳየኝ ስለው ስልኩን ኪሱ ከተተ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስወጡኝ እንዴ? ምን አደረግኩ? ለምንድነው ሁሉም እንደዚህ የሚያየኝ?»

ወዲያው ገባኝ። የስብሰባ ጥሪው በራሱ ጊዜ የሚወጣ ነው። «ዝም ይባል»ን የጻፍኩት ደግሞ «አባል» ውስጥ ነው፤ እሱን ሦስቱም ይጠቀሙበታል። የሞቱን መልእክት ብቻ አልነበረም የከለከልኳቸው፤ እድሩን በሙሉ ነው የቆረጥኩባቸው። ሰው በሚያስፈልጋቸው ሳምንት ሰው የራቃቸው መሰላቸው።

«ይቀመጡ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ» ብዬ ላፕቶፑን ከዓይናቸው አዞርኩ። መስመሩን ከ«አባል» አወጣሁት። በምትኩ የሞት መልእክቱ ላይ ብቻ «ከእነዚህ በቀር» የሚል ቦታ ሠርቼ ስማቸውን እዚያ አገባሁ። አረጋገጥኩ። እንደገና አረጋገጥኩ። አንድ ብሳሳት ታግዶባቸው የቆየው የልጃቸው የሞት መልእክት እዚሁ ፊቴ፣ እጃቸው ላይ ይጮሃል። ከዚያ የስብሰባውን ጥሪ ላክሁላቸው።

ስልኩ ጢን አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ደረሰኝ!» ብለው ሳቁ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ…» እያሉ ጮክ ብለው አነበቡት። «እኔ እኮ ስንቱን አሰብኩ! እደጊ፣ ልጄ። ብሩክ እስከ እሁድ ከመጣ ይዤው እሄዳለሁ፤ ሸክሙን ይሸከም፣ ወጣት አይደል?» ግንባሬን ሳሙኝ።

ኮዱ እንከን የለውም። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ዓርብ

ድንኳን ውስጥ ወንበር ሳቀርብ ቆይቼ ለአፍታ ገባሁ። የጠዋቱን ብቻ ልጻፍና ልመለስ።

እማዬ «አንቺ እዚሁ ሁኚ» ብላኝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ በመጋረጃው ጠርዝ አያለሁ። ሰዎቹ በጭጋጉ ውስጥ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ወደ እትዬ ዘነበች ቤት መታጠፊያ መጡ። ከኮንዶሚኒየሙ ሁሉ መጥተዋል፤ በሌሊት ታክሲ ከየት እንዳገኙ እንጃ። መልእክቴ ደርሷቸዋል። ከፊት ጋሽ ወንድሙ፣ ያለ ባርኔጣ። ያለ ባርኔጣ እንዲህ ትንሽ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

በሩን እነሱ ያንኳኳሉ፣ ገብተው ይቀመጣሉ፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይይዟቸዋል ነበር የተባለው።

በሩ ቀድሞ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች ጫማቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ። ከሥራ በፊት የመኪናውን ባለቤት ስለ ብሩክ ሊጠይቁት ኖሯል። ይሄን ማንም አላሰበውም፤ እኔም።

ሰዎቹን አዩ። ጋሽ ወንድሙ ባሉበት ቆሙ፤ ከኋላ ያሉትም ቆሙ።

እትዬ ዘነበች ወደ እነሱ አልሄዱም። ዞር ብለው ወደ መስኮቴ አዩ። መጋረጃውን ለመልቀቅ ዘገየሁ።

«ሶስና!» አሉኝ። «ሶስና፣ እነዚህ ሰዎች ማን ቤት ነው የሚመጡት?»