በክር የለካሁት መንገድ

ለውዷ እህቴ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ቀድሞኝ ደጃፍሽን ያንኳኳ። እንደምን ከረማችሁ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ጋሼ ሳሉ ተወው ወይስ እንደ ልማዱ «ደህና ነኝ» እያለ ቤቱን ያናውጣል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ የራበኝ ሰው ብቻ ነው። እሁድ እሁድ የራሴን ድምፅ እንኳ ሳልሰማ ይመሻል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እማዬ አልጋ ላይ መዋሏን፣ «ልጅሽን እንጥራው» ስትያት ደግሞ «ተይው፣ ሥራ አታስፈቺው፤ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ሲብስብኝ እንጠራዋለን» ማለቷን ሳነብ መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የወጣሁ ዕለት በሩ ላይ ይዛኝ ስታለቅስ «ምን ያስለቅስሻል? ጠዋት ብነሳ ማታ ከች እላለሁ» አልኳት። ያኔ ርቀቱን እኔም አላውቀውም ነበር። በየከተማው እየሠራሁ በወራት ስለደረስኩ፣ በአንድ ጊዜ ቢመጡት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ባላውቅም፣ የአንድ ቀን መንገድ አለመሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያች ውሸት ተጽናንታ ኖረች።

ትናንት በምሳ ሰዓት የስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ካርታ ፊት ቆምኩ። በማስመሪያ ስለካው መንገዱ አጭር ሆነልኝ። ግን ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ጎባጣ በማስመሪያ እንደማይለካ አጥቼው ነው! ጥቁር ክር አውጥቼ በየመታጠፊያው ስፒል እየወጋሁ መንገዱን ተከተልኩ። ክሩ አልቆብኝ ሌላ ቀጠልኩበት። አሠሪዬ መጥቶ «ካርታዬን ወንፊት አደረግኸው!» ብሎ ጮኸብኝ። ክሩን ዘርግቼ ስለካው አርባ ስድስት ሳንቲሜትር ሆነ። አንዱ ሳንቲሜትር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ማለት ነው። አውቶቡስ በሰዓት ሃምሳ ቢሄድ ሁለት ቀን አይሞላም ብዬ ደስ አለኝ።

ወደ እናንተ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር ግን ስነግረው ሳቀብኝ። «ክርህ እንቅልፍ አይወስደው፣ ድንበር ላይ አይሰለፍ፣ ጎማው አይፈነዳ! ቢፈጥን አምስት ቀን ነው» አለኝ። አምስት ቀን! ለቀብሯ እንኳ የማይደርስ ልጅ ነው ያላት።

አሠሪዬ የሚለቀኝ በዓመት አንዴ ነው፤ ያውም ከቤት ሲጠሩኝ ብቻ። እማዬ ያችን አንዲት ጊዜ ለክፉ ቀን ቆጥባታለች። ንገሪያት፣ ለክፉ ቀን አልደርስም። አሁን ትጥራኝ፤ «ምን ነው እንዲህ የከሳኸው?» ብላ የምትቆጣበት አቅም ሳላት። በስልክ ራሴ እንዳልነግራት፣ ድምፅዋን ስሰማ ደግሜ እንደምዋሽ አውቃለሁ። እሷ ግን በጎረቤት ስልክ «ና» ትበለኝ፤ በማግስቱ እነሳለሁ። ሻንጣዬን ከስፌት መኪናው ሥር አስቀምጫለሁ።

ጋሼን ጉንጩን ሳሚልኝ። ቀበጧን ልጅሽን፣ አጎትሽ ቀሚስ ጀምሮልሻል፣ ቁመትሽን ግን ረስቶታል በያት። ስልኳን ለምታውሰን ጎረቤታችን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

እማዬ ይህንንም ለማባበል ነው ብላ ካላመነችኝ፣ ደብዳቤውን የሚያመጣላችሁ ያው ሹፌር ነው፤ ዛሬ ከእጄ ተቀብሎ ወዲያው ይነሳል። ከታች ያለውን ቀን አንብቢላትና እጃችሁ እስከገባበት ቀን ድረስ ራሷ በጣቷ ትቁጠር።

ውሸታሙ ወንድምሽ

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን