ኩሽናው ይቆረጥ ብዬ የሞላሁትን ካርድ ስለማስመለስ

ለክቡር ሚስተር ፕሬስኮት ዌይንላንድ
የፊልም ኩባንያው የሥርጭት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የሎስ አንጀለስ ፀሐይ ተመችቶዎት፣ ጉልበትዎም እንደ እኛ ጉልበት በጭጋግ ሳይያዝ በመልካም ሁኔታ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የኮልቢ ላንዲንግ ሰዎች ደህና ነን፤ ዝናቡም እንደተለመደው አለ።

ባለፈው ሳምንት ለከተማችን የጻፉት የምስጋና ደብዳቤ በፖስታ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ አግኝቼው ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የተከበራችሁ ተመልካቾች በሰጣችሁን አስተያየት መሠረት» የኩሽናው ትዕይንት ከፊልሙ እንደሚወጣና በምትኩ ሁላችንም ከቴሌቪዥን ድራማችሁ የምንወዳቸው ሸሪፉና ውሻው እንደሚገቡ ገልጸውልናል። የሰጠሁት አስተያየት እንዲህ በፍጥነት ሲፈጸም በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ስለ ድልድያችን ለከንቲባው ስድስት ጊዜ ጽፌ ድልድዩ ዛሬም እንዳዘመመ ነው። ስለ ትጋትዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ በፖስታ ልኬ በከተማችን ጋዜጣም ላይ የማወጣው ግን ካርዴን እንዲመልሱልኝና ኩሽናውን እንዳይቆርጡት ለመለመን ነው። ልመናዬ እንግዳ እንዳይሆንብዎ ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ በኖርዌዮች ማኅበር አዳራሽ እየተሰበሰብን «የጭጋግ ወደብ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማችሁን ስናይ ኖረናል። ኮሪን የምትባለውን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ማን ገደላት የሚለው ነበር ጭንቀታችን። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በዓሣ ፋብሪካ የተጣመመ ቆርቆሮ እየለየሁ ስጥል የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ ዓይኗ አይስትም ተብዬ የተጠርጣሪዎችን ሰንጠረዥ እንድይዝ ተመረጥኩ። ሃያ ሦስት ተጠርጣሪ መዝግቤ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ውሻው ነው። በሰንጠረዡ ላይ ከእያንዳንዳችን ስም ፊት ለፊት ግምታችን ሲጻፍ፣ የጎረቤቴ የቬርና ካልንድ ቦታ ብቻ ሁለት ዓመት ባዶውን ኖረ። «ቬርና፣ አንቺስ ማንን ነው የያዝሽው?» ስንላት፣ «እኔ እናንተን ላበላ ነው የመጣሁት፤ ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብሉ» እያለች የምድጃ ድንቿን ታቀርብልን ነበር። እኛም እንበላ ነበር። ከዚያም ኩባንያዎ ገዳዩን ሳይነግረን ድራማውን ዘጋው፤ ለዚህ ጨዋነታችሁም እጅ እነሳለሁ።

ሁለተኛ፤ ድራማው የተቀረጸው በእኛ ወደብ ነውና፣ ከታሪኩ በፊት የነበረውን ታሪክ፣ ማለትም የኮሪንን የመጨረሻ ሳምንት የሚያሳየውን ፊልም ከአገር ሁሉ አስቀድማችሁ ለእኛ አሳያችሁን። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በመጨረሻ ልናውቅ ነው ብለን፣ ለቤተ ክርስቲያን የምንለብሰውን ለብሰን ሲኒማ ቤቱን ሞላነው። ያሳያችሁን ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቴምብር የሚሸጥ ፊት የሌለው ሰው ነው። ቀጥሎም ለዘጠኝ ደቂቃ የምትሽከረከር የልብስ ማጠቢያ አሳያችሁን። ሚስስ ብሪግስ መጸዳጃ ቤት ደርሳ ተመልሳ «ምን አመለጠኝ?» ብትል፣ ባሏ «አይዞሽ፣ ገና አላለቀለቀችም» አላት። የእሳት አደጋ ቡድናችን አለቃ ራስሙስ «ገዳዩን ካልነገራችሁን ለምን ጠራችሁን!» ብሎ ጮኸ፤ ተጨበጨበለት። አሮጊቷ ሚስስ ቲበትስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተኝታ ስለነበር ፊልሙን ወድጄዋለሁ ያለች እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ኩሽናው መጣ። ኮሪን፣ እናቷና እንጀራ አባቷ እራት ቀርበዋል። ከወለሉ የባሕር ውሃ ይወጣል። ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ጉልበት ይደርሳል፣ ጠረጴዛውን ያልፋል፤ አንድም ሰው ስለ ውሃው ቃል አይተነፍስም። እንጀራ አባቷ ስጋውን ይቆርጣል። ውሃው የልጅቷ አገጭ ላይ ሲደርስ እናቷ «ምግብሽን ጨርሺ» ትላታለች። አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ አንድ ሰው አፏጨ፣ ሌላው ሳቀ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ካርዱ። ሰው ሁሉ ለብቻው አስቦ እንዲሞላው ብላችሁ ካርድና ትንሽ እርሳስ አደላችሁን። እንደዚህ ያለ እምነት ስለጣላችሁብን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን በእኛ ከተማ ወረቀት ለብቻ አይሞላም። በፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር ጊዜ ማንም ተነጥሎ እንዳይመታ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይጽፍ ነበር፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ዓመታት ቢያልፉም ልማዱ አልተዘጋም። እናም ራስሙስ ወንበር ላይ ቆሞ ጥያቄዎቹን አነበበልን። «አራተኛ! የትኛው ትዕይንት ቢወጣ ይሻላል?» አለ፤ ራሱም «ኩሽናው!» ብሎ መለሰ። ጻፍን። እርስዎ በደብዳቤዎ «ካደልነው ሁለት መቶ አሥራ አራት ካርድ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አንድ ቃል መናገራቸው አስደንቆናል» ብለዋል። አይደነቁ፤ አንድ ሰው ነው የተናገረው። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የሚስስ ቲበትስ ነው። ሁለተኛውን ቬርና አልመለሰችም፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ።

በቀጣዩ ሐሙስ ቬርና አዳራሽ አልመጣችም፤ በሌላውም ቀረች። የድንች መጋገሪያ እቃዋን ልመልስ ብዬ ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ እንደቆምን፣ ግቢ ሳትለኝ፣ «ሃዘል፣ በእኛም ቤት እዚህ ድረስ ነበር» ብላ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «እናቴም ድምጿ ቁርጥ እንደዚያ ነበር። አንድ ሰው ያየልኝ መሰለኝ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ያን ቀን ገና ማልቀስ ልጀምር ስል እናንተ ሳቃችሁ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ ዓመት ድንቿን በልቻለሁ። ደብዳቤዎንም ፖስታ ቤት አንብባው ኖሮ «እና አሁን ሊያወጡት ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ ልጻፈው ወይ ስላት «ስሜንም ጻፊው፤ ከዚህ በኋላ ከማን ልደበቅ ነው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ቤት ገብቼ ሰንጠረዡን አውጥቼ አየሁት። እንጀራ አባትየው ከሃያ ሦስቱ ውስጥ የለም። ውሻውን ጠርጥሬ እሱን አልጠረጠርኩም። ገዳዩን አልነገራችሁንም ብለን ስንጮህባችሁ፣ ሰውየው ፊት ለፊታችን አሥራ አንድ ደቂቃ ተቀምጦ እራቱን እየበላ ነበር። ቴምብር ሻጩ አሁንም አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልለምንዎትም፤ ከፈለጉ የልብስ ማጠቢያዋን ቆርጠው ለሸሪፉ ውሻ ቦታ ይስጡት። ኩሽናውን ግን አይንኩብን። ካርዴን ሰርዘው ወደ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ዝቅ ይበሉ፤ ቁጥሩ አሁንም ለጌቶችዎ የሚያኮራ ነው።

ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በላይ በጨዋ ቃል መጻፍ አልችልም። ሁለት ዓመት ያዝናኑን፣ በአንድ ቅዳሜ ያሳፈሩን፣ በአንድ ደብዳቤም እፍረታችንን ሊቆርጡልን የተነሱ የልብ ወዳጃችን ስለሆኑ፣ በኮልቢ ላንዲንግ ሕዝብ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ረጅም ዕድሜና ጥርት ያለ ዓይን እመኝልዎታለሁ።

አክባሪዎ
ሃዘል ቶርጉሰን
የቀድሞ ቆርቆሮ ለዪ፣ የቀድሞ ሰንጠረዥ ያዥ

ማስታወሻ፦ ከካርዱ ጋር የሰጣችሁኝን እርሳስ በዚህ ፖስታ መልሼልዎታለሁ። ያን ዕለት ቬርና ምንም ሳትጽፍበት ካርዷን ስታጥፍ አይቼ፣ የጻፍኩትን ላጠፋ እርሳሱን ገልብጬው ነበር። ላጲስ የለውም። እኔም እሱን አመካኝቼ ካርዱን እንዳለ ሰጠሁ፤ እርስዎ ካርዱን አመካኝተው ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ይወቁልኝ።