የጊንጥ በርበሬዬ ዘር ለማን እንደሚሆን

እኔ ሱካይ ቡድራም፣ በትሪኒዳድ ደሴት በሞሩጋ መንገድ ዳር የምኖር በርበሬ አብቃይና ዳጣ ሠሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኤፕሪል 18 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. በገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ በቃሌ እናገራለሁ። ሰውነቴ ታሟል። ጨጓራዬ ደምቶ ሆስፒታል ከተኛሁ ወዲህ ደረጃ መውረድ አልችልም። አእምሮዬ ግን አልታመመም። ማስረጃ የሚፈልግ ቢኖር የሚከተለውን ያንብብ።

የባርቤዶስ ሰዎች ቢጫ ዳጣ ሰናፍጩ ቀድሞ አፍንጫ ይመታል፤ እሳቱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል። የጉያናዎቹ በርበሬ፣ ዊሪ ዊሪ፣ እንደ ዶቃ ክብ ናት፤ በጣፋጭነቷ ታታልላለች። ሜክሲኮዎች በኮምጣጣ ብርቱካን የሚያሹት በርበሬ ሐቀኛ ነው፤ ነገር ግን ከከንፈር አያልፍም። የእኛ ጊንጥ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጊንጥ የቆለመመ ጭራ ያለው ቀይ በርበሬ፣ መጀመሪያ እንደ በሰለ ማንጎ ይሸታል። ሰው ተማምኖ ሲያላምጠው ጉሮሮው ላይ ይነድፈዋል። ከነደፈ በኋላም የምግቡን ጣዕም አይሰርቅም። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ልቡናው አብሮት ነው።

ጸሐፊዬና የመጀመሪያው ምስክሬ ጎረቤቴ አልሲድ ጆሴፍ ነው። በዚህ በረንዳ ላይ የሚነገረውን ሁሉ፣ ጠብም ቢሆን፣ ሳያሳጥር እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። የአባቴ ኑዛዜ አጭር ነበር፤ ወንድሞቼ በየመስመሩ መካከል የየራሳቸውን ፈቃድ አነበቡና መሬቱን በመጨረሻ ጠበቆች በሉት። ስለዚህ የእኔ ይርዘም።

ሁለተኛዋ ምስክር ልጄ ኢንድራውቲ ናት። ሕጉን ማንም ሳያስተምረኝ ራሴ አንብቤዋለሁ። ከኑዛዜ የሚጠቀም ሰው ለዚያው ኑዛዜ ምስክር አይሆንም። ኢንድራውቲ ከእኔ የምታገኘው ነገር ስለሌለ ከእርሷ ይበልጥ የሚስማማ ምስክር አላገኘሁም። ከተጣላን ወዲህ ደጄን ስትረግጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

መጥታ በደረጃው አፍ ላይ ቆመች።

“አባዬ፣ ምንም እንደማልወርስ በገዛ ፊርማዬ እንዳጸድቅልህ ነው የጠራኸኝ?” አለች።

“አዎን” አልኳት።

“እሺ። እስክሪብቶው የታለ?” ብላ ተቀመጠች። ይጻፍ።

አንደኛ፣ ስለ ሥጋዬ። በአባቶቼ ሥርዓት በወንዝ ዳር ይቃጠል። ለለቅሶ ለሚመጣ ሰው አልጫ ምግብ አይቅረብለት። ማልቀስ ያቃተው በዳጣው ያልቅስ።

ሁለተኛ፣ የማንም ዕዳ የለብኝም። አለብህ የሚል ካለ እስክሞት ሳይጠብቅ አሁን ይምጣ።

ሦስተኛ፣ ቤቱን፣ የድንጋይ ወፍጮውንና በመንገድ ዳር ደብልስ፣ በሁለት ቂጣ መካከል የተደረገ ሽምብራ፣ የምንሸጥበትን ጋሪ ለወንድ ልጄ ለዳንራጅ ሰጥቻለሁ። ምክንያቱም አብሮኝ ቆይቷል። ከንጋት በፊት ተነሥቶ ሽምብራውን የሚቀቅል፣ ቂጣውን የሚጠብስ እርሱ ነው። ጉድለቱን አልደብቅም። በበርበሬ መብላት ውድድር ዋንጫ ከወሰደ ወዲህ በርበሬ ማለት ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ማየት ይመስለዋል። ቢሆንም የቆየ ሰው የቆየበትን ያገኛል።

አራተኛ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የበርበሬ ጓሮ፣ የጊንጡን ዘር፣ ዳጣውን የምንሠራበትን ሥርዓትና የቡድራምን ስም ለዚሁ ለዳንራጅ እሰጣለሁ፤ ከከተማ ለሚመጣው የጠርሙስ ፋብሪካ ሰው ግን እንዳይሸጥ።

እዚህ ላይ ዳንራጅ አቋረጠኝ።

“አባዬ፣ ሰውየው ሰኞ ይመጣል። ቃል ሰጥቼዋለሁ።”

“የእኔን ቃል ማን ሰጠህ?”

“ዓለም በሙሉ ሊበላው ነው እኮ! በየሱቁ፣ በየአውሮፕላኑ!”

“ዓለም ከራበው ሞሩጋ ይምጣ።”

“አንተ እንዲህ እያልክ ነው ከዚህች ጋሪ ሳንነቃነቅ ፀጉሬ የሸበተው!”

አልሲድ ቀና ብሎ፣ “ሱካይ፣ ፀጉሩንም ልጻፈው?” አለ።

“ጻፈው” አልኩት። “ዳንራጅ፣ አንተ ደግሞ ማሰሮውን አምጣው።”

“የምን ማሰሮ?”

“የምሰጥህን ዳጣ።”

በቤታችን ደንብ፣ አዲስ የተሠራ ዳጣ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት የቤቱ ታላቅ በተቀቀለ ካሳቫ ላይ አድርጎ ይቀምሰዋል። ካሳቫ የራሱ ጣዕም ስለሌለው አይዋሽም። ያልቀመሱትን ለሰው መስጠት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ግን ሐኪሙ በርበሬ ስለከለከለኝ በእኔ ቦታ ሲቀምስ የቆየው ዳንራጅ ነው። ዘሩን ለዘለዓለም ከእጄ ሳወጣ ሳልቀምሰው አላወጣውም።

ዳንራጅ ከወንበሩ አልተነሣም። “ሐኪሙ ምን አለ? ትደማለህ አላለህም?” አለ።

ኢንድራውቲም፣ “አባዬ፣ ተው። ልትሞት ነው?” አለች።

“ኑዛዜ የሚናዘዝ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ነው?” አልኳቸው።

አልሲድ ራሱ ማሰሮውንና ከቁርስ የተረፈውን ካሳቫ ከማጀት አመጣ። ቀመስኩ።

እሳቱ አፌን ሳልዘጋ ደረሰ። የምላሴን ጫፍ ያዘው፣ ጮኸ፣ ከዚያም ጠፋ። ሽታ የለውም። ሲሄድ እንደ ሆስፒታል ኪኒን መራራ ነገር ትቶልኝ ሄደ። ነጭ ሽንኩርቱ አለ፣ ኮምጣጤው አለ፣ ሰናፍጩም በልክ ነው። በርበሬው ግን የለም።

“ይህ ምንድን ነው?” አልኩ።

“ያንተው ዳጣ ነዋ” አለ ዳንራጅ።

ኢንድራውቲ በጣቷ ጫፍ ነክታ ላሰችው። “ይሄ የእኛ አይደለም” አለች።

“ምስክር ዝም ይላል!” ብሎ ዳንራጅ ተነሣ። “አንቺ ደግሞ ብለሽ ብለሽ ዳጣ ልትፈርጂ? ለተማሪ ልጆች እሳት የሌለው የሁመር ጭማቂ እያጠጣሽ?”

“የልጆቹ ለብቻው ነው፣ አንተ ባለ ዋንጫ! የትልቆቹን ቀምሰኸው ታውቃለህ? ጋሪዬ እኮ እዚሁ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው። ፈርተህ ነው የማትመጣው።”

“የተሰረቀ ዘር አልበላም ብዬ ነው!”

የዚህን ነገር ሥር አንባቢ ይወቀው። ኢንድራውቲ በመታጠፊያው ላይ የራሷን ጋሪ ልታቆም ስትወጣ ከእኔ ጓሮ የጊንጥ ዘር በመሐረብ ቋጥራ ወሰደች። ሳላውቅ ወሰደች። ለልጆች ለስላሳውን፣ ለትልቆች ብርቱውን ለየብቻ እሸጣለሁ ስትል ዳጣን ለሁለት የሚከፍል ቤት ይከፍላል አልኳት። ዘሩን መውሰዷን ስሰማ ሌባ አልኳት። ከእጇም እንዳልበላ ማልኩ።

እርሷ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተችና ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የእኛ አገር ሴት ያለዳጣ ከቤት አትወጣም።

“የማልኩት ከእጇ ነው” አልኩ። “ከአልሲድ እጅ አልማልኩም። አልሲድ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሁለቱንም ዳጣ በየራሱ ካሳቫ ላይ አድርግና የትኛው የማን እንደሆነ ሳትነግረኝ አጉርሰኝ።”

“ሱካይ፣ እኔ በሰው ሞት ውስጥ አልገባም።”

“ገብተሃል። አጉርሰኝ።”

መጀመሪያ ያጎረሰኝ ያንኑ ጯሂውን ነበር። ምራቄን ዋጥኩ። ሁለተኛውን አጎረሰኝ።

ሽታው ቀደመ። የበሰለ ማንጎ ሽታ፣ ከዝናብ በኋላ ጓሮው የሚሸተው ሽታ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከጉሮሮዬ ሥር ተነሣ፤ ወደ ጆሮዬ ወጣ፤ የራስ ቅሌ ላይ ላብ አወጣ። አልጮኸም። ተቀመጠ። ከእሳቱም ሥር ካሳቫው፣ ጨዉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ነበሩ። ጨጓራዬ እንደ ቢላዋ ወጋኝ። ሆዴን በእጄ ያዝኩ።

“አባዬ!” አለች ኢንድራውቲ። “ጋሽ አልሲድ፣ ውሃ!”

“ውሃ የጠየቀ የለም” አልኩ፤ ዓይኔንም ገለጥኩ። “ይህ የእኔ ነው። ያኛው የማን ነው?”

ማሰሮውን ወደ ዳንራጅ ገፋሁ። ጥያቄውን ደገምኩት።

“ያኛው የእኔ ነው” አለ ዳንራጅ። “ሆስፒታል በነበርክ ጊዜ በአጥሩ ሥር ሁለት መደብ እሳት የሌለው፣ ለሽታ ብቻ የሚሆን በርበሬ ተከልኩ። ገበያው ይፈልገዋል።”

“ጊንጡ አጠገብ?”

“ሌላ የት? ንቡ ያዳቀለውን እኔ ምን ላድርግ? ከንብ ጋር ውል ልፈራረም?”

“ንብ አጥር አታውቅም። አጥር እንዲያውቅ የተፈጠረው ሰው ነው።”

“ከዚያ ዘር የበቀለው መልኩ ያው ነው፣ ጭራውም ያው ነው፣ እሳቱ ግን የለም። ደንበኞች ‘ሽማግሌው ሞቱ እንዴ?’ ይሉኝ ጀመር። ከከተማ የተጨመቀ የበርበሬ ዘይት ገዝቼ ጨመርኩበት። በቃ፣ እውነቱ ይኸው ነው!”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ላንተ?” አለ። “አንተ ነገር የሚነገርህ ሰው ነህ? እሷ አንድ ነገር ብትነግርህ ምን እንዳደረግካት አይቻለሁ እኮ!”

አልሲድ እስክሪብቶውን አነሣ። “ይህንንም ጻፈው” አልኩት። ጻፈው።

ከዚያ ወደ ኢንድራውቲ ዞርኩ። በቀጥታ ከጠየቅኋት ረዥም ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

“በአጥርሽ ዙሪያ ምን ተክለሻል?”

“በቆሎ ብቻ። በርበሬን ከዘመዱ አታጎራብቱ ያልከው አንተ ነህ።”

“ሰምተሽ ነበር?”

“ሰምቼ ነው የሄድኩት።”

ሌባ ብያታለሁ። ቃሌን አላነሣም፤ ሳይፈቀድለት የወሰደ ሌባ ነው። ነገር ግን የተሰረቀው ሳይበላሽ ቆየ፣ የተጠበቀው ግን በጠባቂው እጅ ጠፋ። ይህን ምላሴ መስክሯል። እኔም ከምላሴ ጋር አልከራከርም።

“አልሲድ” አልኩ፣ “አራተኛውን ሰርዝ።”

“በምን ልተካው?”

“መጀመሪያ ከምስክሮቹ ዝርዝር የሴትየዋን ስም ሰርዝ።”

ኢንድራውቲ ከወንበሯ ብድግ አለች። “ምን አጠፋሁ? ለምስክርነትም አልበቃ?”

“ለዚህ ኑዛዜ ምስክር ልትሆኚ አትችዪም” አልኳት። “ሕጉ ይከለክላል።”

አልሲድ ፈገግ አለና መሰረዝ ጀመረ። እርሷ ግን ቦርሳዋን ይዛ ለመሄድ ደረጃው ላይ ደርሳ ነበር። ምስክር የሚሆነው የማይወርስ ሰው ብቻ እንደሆነ ስትመጣ ታውቅ ስለነበር አንድ እግሯን ዝቅ እንዳደረገች ቆመች።  ዳንራጅ ነገሩ ከእርሷ ቀድሞ ገብቶት ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

አራተኛ፣ እንደገና። ጓሮውን፣ የዳጣውን ሥርዓትና የቡድራምን ስም ለልጄ ለኢንድራውቲ እሰጣለሁ። ዘሩን አልሰጣትም፤ የእኔ ዘር እርሷ ዘንድ ብቻ ነው ያለውና። ዳንራጅ ሁለቱን መደብ በገዛ እጁ ይንቀል፤ የተዳቀለውንም ሁሉ ያቃጥል፤ ጭሱ ዓይኑ ውስጥ ይግባ። ከዚያ በኋላ እኅቱ ለጋሪው የሚሆን ዳጣ ትሠራለታለች፣ እርሱም ቂጣውን ይጠብሳል፤ ቂጣ መጥበስ ከእርሷ ይበልጣልና። ለስላሳና ብርቱ ለየብቻ ትሥራ ወይስ አትሥራ የሚለውን እኔ አልወስንም። በዚህ ጉዳይ አሁንም አልተስማማሁም።

አምስተኛ፣ የጠርሙስ ፋብሪካው ሰው ሰኞ ሲመጣ የሚያነጋግረው እኔን ነው። እስከ ሰኞ አልሞትም።

በተሰረዘችው ምስክር ምትክ፣ ዳጣ ልትገዛ በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ የቆየችው ጎረቤታችን ሜርሊን ፍሬዘር ተጠራች። “ኧረ እኔ ጠርሙስ ልሞላ ነው የመጣሁት፣ ፊርማ አይደለም!” አለች። ኑዛዜው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተነበበላት። ኢንድራውቲ ትንሿን ጠርሙስ በነፃ ልትሰጣት ስትል ከለከልኩ። ሜርሊን ከዚህ ነገር ቅንጣት ብትጠቀም ምስክርነቷ ይፈርሳል። ከፍላ ትውሰድ።

ተናዛዥ፦ ሱካይ ቡድራም (ፊርማ)

ተናዛዡ በፊታችን ተናግሮ፣ እኛም በፊቱ፣ ሁላችን በአንድነት ተቀምጠን ፈርመናል፦

አልሲድ ጆሴፍ (ፊርማ)
ሜርሊን ፍሬዘር (ፊርማ)

ከምስክርነት የተሰረዘች፦ ኢንድራውቲ ቡድራም። ምክንያቱ፦ ወራሽ ስለሆነች።