ሐሙስ እንድሞት ተወስኗል

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ውሃ ዛሬም የለም። አራት ጀሪካን በባጃጅ አስመጣሁ። የሦስት ቁጥር ክፍል አምፖል ተቃጥሏል... ነገ። የጎረቤቴ የሃሊማ ዶሮዎች አጥር ተሻግረው ጎመኔን ጨረሱት። በነሱ የተነሳ ከተኳረፍን ሰባት ወር ሆነን፤ ዶሮዎቹ ግን ኩርፊያ አያውቁም።

ከሰዓት አንድ ፈረንጅ መጣ። እንግሊዛዊ ነው፣ ስልሳ ይሆነዋል፣ ኮሊን ይባላል። ለዕረፍት ነው አለ። ቡታጅራ? ለዕረፍት? አሥራ ሁለት ቀን ያዘ። በዚህች ባለ አራት ክፍል ፔንሲዮን አሥራ ሁለት ቀን የሰነበተ ሰው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ቋንቋው ዛሬ ገና ለሥራ ዋለ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ኮሊን ጥያ ደርሶ መጣ። የሚያወራው በትክል ድንጋዮቹ ላይ ስለተቀረጹት ጎራዴዎች ብቻ ነው። «ጎራዴው የተገደለ ሰው ቁጥር ነው የሚሉ አሉ» ብዬ ነገርኩት። ዓይኑ በራ! ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ከዚያ ደግሞ... እዚህ አገር የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ጣዕም አለው ወይ? አለኝ። ቀምሼው አላውቅም አልኩት። እሱንም ጻፈው።

ይሄ ምን ዓይነት ዕረፍት ነው?

ኅዳር 15፣ ሰኞ

በሬን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

የኮሊንን ክፍል ላጸዳ ገባሁ። ደብተሩ አልጋው ላይ ተከፍቶ... ላለማንበብ ሞክሬ ነበር ብል ውሸት ነው። ይኸው የጻፈው፦

«ባለፔንሲዮኗ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ቁጡ። ሐሙስ ማታ ትሞታለች። መርዝ፣ ጎመኑ ውስጥ? ማንም አያዝንላትም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሰዋስው ስህተት የለበትም።

መርዙስ ይሁን። ሰው የሚሞትበት አያጣም። ግን «ማንም አያዝንላትም»? በምን አወቀ? በስድስት ቀን? ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ባሌ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት። ልጄ ሩት ሐዋሳ ናት፤ በሳምንት አንዴ ትደውላለች፣ እሱም እየተጣደፈች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመጣሉ፤ እነሱ ግን ለማንም ይመጣሉ። ሃሊማ? ሃሊማ ዶሮዎቿን ትልካለች።

እውነት፣ ማን ያለቅስልኛል?

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ጎመን አልሠራሁም። ቅቅል እንቁላል ብቻ፣ ከነቅርፊቱ። «ግሩም ነው» እያለ ይበላል፣ ነፍሰ ገዳይ!

ፖሊስ ዘንድ ልሂድ? ሄጄስ ምን ልበል? ሐሙስ ሊገድለኝ ነው፣ እስከዚያ ግን ጨዋ እንግዳ ነው? እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር የሚያልቀው በሽማግሌ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ባልቻ ቤት ሄድኩ። አዳመጡኝ። አገጫቸውን አሹ።

«እኛ የምንቀመጠው ሰው ከሞተ በኋላ ነበር» አሉ። «በገዳይና በሟች ወገን መካከል። በእግሯ መጥታ የከሰሰች ሟች አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«ታዲያ አይሆንም?»

«ምነው አይሆን? ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?»

ነገ ከሐጂ ሰይዶ ጋር ይመጣሉ። ሐጂ ሰይዶ የሃሊማ ባል! ሌላ ሰው ይሁንልኝ አልኩ። «ሽማግሌ እንደ ጨርቅ አይመረጥም» አሉኝ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ከየት ልጀምር...

ጠዋት መጡ፣ ጋቢያቸውን ደርበው። ሐጂ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ። ከኋላቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሃሊማ። ማንም አልጠራትም። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ፊት ዞር ይላልና ልወጣ ስል አንድ ነገር ትዝ አለን። ኮሊን አማርኛ አይችል፣ እነሱ እንግሊዝኛ አይችሉ። ሌላ ማን አለ? ስለ ነፍሴ የሚደረገውን ልመና እኔው ቆሜ አስተረጎምኩ።

«ወንድማችን» አሉ አቶ ባልቻ፣ «ምን አጠፋችብህ? ጥፋት ካለባት ትካስሃለች። ቤቷ አድረህ፣ ክትፎዋን ከነቆጮው በልተህ እሷኑ መግደል ግን በእኛ አገር ነውር ነው።»

ኮሊን መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ እንደ ቲማቲም ቀላ። ደራሲ ነኝ አለ። ሰዎች ለዕረፍት ባሕር ማዶ ይሄዳሉ፣ ሆቴላቸው ውስጥ ሬሳ ይገኛል፣ አንዲት ነገር ወዳድ አሮጊት ገዳዩን ትደርስበታለች። እንዲህ ያለ አሥራ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ሰው ሲዝናና ነው የሚያነበው።

«በሬሳ?» አሉ ሐጂ። «አላህ ይጠብቀን።»

ነፍሴ መለስ አለች። አፈርኩም። በቃ እንነሳ አልኩ። አቶ ባልቻ ንቅንቅ አላሉም። «በወረቀትም ቢሆን ሞት ሞት ነው። ለምን እሷን መረጥክ በይው።»

ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ ብዙ ተናገረ። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሴት አመለኛ ናት፤ ከሰው ሁሉ ተጣልታለች፤ ማንም ስለማያዝንላት ሁሉም ይጠረጠራል...

«ሥራዬ ነው ይላል» ብዬ ተረጎምኩ።

«የሱ ረዘም ያለ መሰለኝ» አሉ አቶ ባልቻ።

«ደብቃ ነው!» አለች ሃሊማ። «ፊቷን እዩት። ያለውን ተናገሪ አንቺ!»

ከሰባት ወር በኋላ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል። ተናገርኩ። «ማንም አያዝንላትም» የምትለዋንም አልተውኩ።

ሃሊማ ብድግ አለች። «ንገሪው። ወላሂ አልዋሽም፣ አመለኛ ናት። እልኸኛ ናት። ግን ልጄን ሃፊዛን ምጥ ሲይዛት በቢጃማዋ አስፋልት ላይ ወጥታ ባጃጅ ያስቆመች ማን ናት? እሷ ናት። አሁንስ ቢሆን... እኔ ጠዋት በሯ ሲከፈት ሳልሰማ ሥራ አልጀምርም። ሰባት ወር ሙሉ። ንገሪው! እሷ ከሞተች እኔ ምን ሰምቼ ልነሳ?»

ይሄን እንዴት ልተርጉመው? ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት እንግሊዝኛ ድራሹ ጠፋ። «ትላለች... ትላለች...» እያልኩ ቀረሁ። ኮሊን የገባው መሰለኝ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ውሳኔ፦ ባለፔንሲዮኗ አትሞትም። በሷ ፈንታ እንዲሞት አቶ ባልቻ አንድ የሚያውቁትን ደላላ አቀረቡ፣ ከነአባቱ ስም። ሐጂ ከለከሉ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አልሞትኩም። ጎመን ሠራሁ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ኮሊን ነገ ይሄዳል። መጽሐፉ እንዴት ሆነልህ? አልኩት። ተበላሸ አለ። ባለፔንሲዮኗ ካልሞተች ታሪክ የለም፤ ሁለት ገጽ ላይ ቁርስ አቅርባ ትወጣለች።

ሁለት ገጽ! ቁርስ አቅርቤ!

«በል ግደለኝ» አልኩት። «ግን እንደ ወጉ ልሙት። ጥሩንባ ይነፋ፣ ድንኳን ይተከል፣ አገር ያልቅስ።» እዚህ እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅም አለ። በአጥሩ ላይ «ሃሊማ!» ብዬ ተጣራሁ። ወዲያው መጣች። ሐጂም ከኋላዋ፣ «ሙሾ በሃይማኖታችን አይፈቀድም» እያሉ። «ለእንግዳው ማሳያ ነው» አለቻቸው።

ኮሊን እስክሪብቶውን ያዘ። ሃሊማ ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ወጥ ቤቴ መሐል ቆመች፣ ጀመረች። «ጎረቤቴ... አፈ ክፉዋ... እጀ ደጓ...» ሳቅን፣ እኔም ኮሊንም። ትንሽ እንደቀጠለች ድምጿ ተሰበረ። ማሳየቱ ቀረ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ ሐጂ ሊከለክሉ ብለው አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

«ሃሊማ፣ ኧረ ቆይ እንጂ፣ እዚሁ ነኝ እኮ» አልኳት።

«ዝም በይ፣ አታቋርጪኝ» አለች።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እስክትጨርስ ሰማኋት።