ረግረጉን በብሩሽ ያቆዩልን የባለመነጽሩ የሕይወት ታሪክ

የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ባለመነጽሩ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከሸክላ አፈር ቆፋሪው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። የአምስት ልጆች ታላቅ ነበሩ። አባታቸው ለጡብ የሚሆነውን አፈር አውጥተው የተዉት ጉድጓድ ውሃ ቋጠረ፤ ደንገል አበቀለ፤ ቀስ በቀስም ረግረግ ሆነ። ወንድማችን ያደጉት እዚያ ዳር ነው።

በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገቡ። አራተኛ ክፍል ሳሉ ቅጠል እንዲስሉ ሲታዘዙ፣ ትል የበላውን ቅጠል ከነቀዳዳው ሣሉ። መምህሩ «ደህና ቅጠል አጥተህ ነው?» ቢሏቸው «የበላው ካለ የሚኖርበት አለ ማለት ነው» አሉ። ከአሥር ሦስት አገኙ። እናታችን ያንን ወረቀት እስኪሞቱ ድረስ ከራስጌያቸው አላወረዱትም።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ታፔላ ጻፊ ቤት ተቀጥረው የጫማ ቤቱንም የመድኃኒት ቤቱንም ሲጽፉ ኖሩ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከግድግዳው ወዲያ ይሰፉ የነበሩትን ልብስ ሰፊ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ «ለጋብቻ የመጣ መስሎኝ ስሽኮረመም፣ ለካ የቁልፍ መክተቻዬን ስፌት እየቆጠረ ነበር» ይላሉ።

እሑድ እሑድ ግን ረግረጉ ዳር ነበሩ። አሣሣላቸው ሕግ ነበረው። ቀንድ አውጣም ይሁን የውሃ ተርብ፣ በልኩ ይስሉታል፤ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። ያላዩትን አይስሉም። ጠዋት የያዙትን ሳይመሽ ከያዙበት ቦታ ይመልሳሉ። ትዕግሥታቸው ሌላውን ሰው ትዕግሥት ያሳጣ ነበር።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ረግረጉ ተደልድሎ መጋዘን ሊሠራበት ነው ተባለ። የመሬቱ ወረቀት «ባዶ መሬት» ይላል። ወንድማችን ነገሩ አንገበገባቸው። ሥራቸውን ትተው በአሥራ አራት ወር ሰማንያ ሦስት ሥዕል ሣሉ፤ ሁሉም እዚያው የሚኖር ነፍስ ያለው ነገር ነው። የመጨረሻዋ እንቁራሪት ነበረች። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አድርገው ወንፊት ደፉባት። የፊት እግሮቿ ብቻ ሲቀሩ ምሳ ሊበሉ ሄዱ፤ ተመልሰው ቢያዩ የለችም። የረግረጉ ነገር የሚወሰንበት ስብሰባ በማግስቱ ነበር። እስኪጨልም ፈልገው ሌላ ቢያጡ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጋቸውን ጥሰው በግምት ጨረሷት።

በስብሰባው ላይ ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከተመደቡት አንዷ የሳይንስ መምህርት ነበሩ። እንቁራሪቷን ትክ ብለው አይተው «የፊት እግሯ አራት ጣት ነው ያለው፤ እርስዎ አምስት አድርገውባታል» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። መጋዘኑን ሊሠሩ ያሰቡት ሰውዬም «ጣት የጨመረ ወፍም ይጨምራል» አሉ።

ወንድማችን ሰበብ አልፈለጉም። «ስሕተቱ የኔ ነው፤ ያላየሁትን ሣልኩ። ሰማንያ ሁለቱን ግን አይቻለሁ፤ ኑና ቍጠሩ» ብለው ተቀመጡ። ሐሙስ ጠዋት አጣሪዎቹ ሁሉ ወደ ረግረጉ ሄዱ። የመጋዘኑ ሰውዬ አንድ እግር ጫማቸውን ጭቃው አስቀረባቸው። መምህርቷ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያመሳከሩ አርባ አንድ ላይ ሲደርሱ «ይበቃል» አሉ። ረግረጉ አልተደለደለም። መምህርቷ በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን ያመጣሉ፤ ልጆቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት ባለ አምስት ጣቷን ነው። ወንድማችን ሥዕሏን አላረሙም፤ ልጆቹ ራሳቸው ቆጥረው ስሕተቱን እንዲይዙባቸው ብለው ሳሎን ሰቀሏት።

ከሁለት ዓመት በፊት ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ያን ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ዓመታት ሆዷ የያዘውን አወጣች። «ጋሼ፣ ሳፋውን ለእጥበት ፈልጌው እንቁራሪቷን የለቀቅኳት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ወንፊቱ ተመልሶ ተደፍቶ ነበር። እንቁራሪት ከድና አትወጣም።»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ እንቁራሪት ለቀቅሽ እንጂ ብሩሹን አልያዝሽም። ደግሞ ከያዝኳት ቦታ ነው የመለስሻት?»

እዚያው ደንገሉ ሥር እንደመለሰቻት ስትነግራቸው «እንግዲያው ጥፋት የለብሽም» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ መስኮቱ ወደ ረግረጉ እንደተከፈተ፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና አራት እህትና ወንድሞቻቸው አሉ። ረግረጉም አለ።

ወንድማችን ፈጣሪ ከሠራው አንዱንም ሳይንቁ አጎንብሰው አይተዋልና፣ እሱም ነፍሳቸውን ሳይንቅ አይቶ ከተገኘችበት ቦታ ይመልስልን።