ለእማዬ የመረጥኩት መርከብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

«ለሁለት ሰው» አልኳት። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ቤዛ ትባላለች። አዲስ አበባ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ድምጿ ገና የልጅ ነው። ኅዳር ላይ የባሕር ጠረፍ ይዞ የሚሄድ የመርከብ ጉዞ እንደምፈልግ ነገርኳት። «ለስንት ሰው ነው?» አለችኝ። ለሁለት አልኩ። «ከባለቤትዎ ጋር?» አለች። «ከእናቴ ጋር» አልኩ።

እማዬ ጥር ላይ ነው የሞተችው።

መጀመሪያ ላይ መዋሸቴ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ «እኔና እማዬ» ነበር። ለቀበሌ ቆጣሪ፣ ዘይት ለሚያድለው፣ ለመብራት ሰው። ምላሴ ለምዶታል። ግን ቤዛ ዕድሜዋን ስትጠይቀኝ ማረም እችል ነበር። አላረምኩም። «ሰባ ስምንት» አልኩ። «መራመድ ይችላሉ?» አለች። «አትችልም፤ ዊልቸር ያስፈልጋታል» አልኩ። ይህን ስል ደስ አለኝ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ደስ አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እራቴን ከድስቱ በላሁ፣ ቆሜ። ሳህን ማውጣት ከተውኩ ቆየሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ፎቶዎቹ በቴሌግራም መጡ። ምሳ ሰዓት ላይ ላቦራቶሪው በር ላይ ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

ሁለት መርከቦች ናቸው። ትልቁ ከዱባይ ተነሥቶ ሰባት ቀን ይዞራል። ፎቅ ነው፤ ሊፍት አለው፣ ሐኪም አለው፣ መዋኛ አለው፣ ሲኒማ ቤት አለው። ትንሹ ከሞምባሳ ተነሥቶ ጠረፍ ጠረፉን እስከ ዛንዚባር ይወርዳል፤ አምስት ቀን። ሰውም ብዙ አይጭንም። ትንሹን ወደድኩት። ቀጥሎ ደረጃውን አየሁ። ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ ነው። ዊልቸር አይወጣውም። ተውኩት።

ለቤዛ የላክኋቸው ጥያቄዎች፦ አልጋው ከፍታው ምን ያህል ነው? ጨው የሌለው ምግብ ያበስላሉ? የመታጠቢያው በር ዊልቸር ያስገባል? ቀን ቀን ጥላ ያለው በረንዳ አለ ወይ?

ለሁሉም መለሰችልኝ፤ አንዱንም አልዘለለችም። «እናትዎ ታድለዋል፣ እንዲህ የሚያስብላቸው ልጅ አለቻቸው» ብላ ጻፈች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የመርከብ ነገር የመጣው ከእማዬ ነው። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ቴሌቪዥኑን እግርጌዋ አድርጌላት ነበር። አንድ ቀን የሽርሽር መርከብ አሳዩ። ሰዎቹ ማታ ይተኛሉ፤ ጠዋት ሲነሡ ሌላ አገር ናቸው። እማዬ እስኪያልቅ አየችና «አልጋሽ ላይ እንደተኛሽ አገር የምታይበት ይኼ ብቻ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ መርከብ በመጣ ቁጥር ከማጀት ትጠራኝ ነበር።

ፓስፖርቴን ክረምት ላይ አወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። አቦ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አጥሩ ጋ ቆሜ ተሳልሜ ወደ ሥራ ሮጥኩ። ወባው በዝቷል። ዝናቡ ካበቃ ወዲህ ከቀወት ወረዳ መንደሮች ሁሉ ይመጣሉ፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን፣ ሽንኩርት ማሳ ላይ የወደቀ ጎልማሳ፣ በባጃጅ ተጭና የምትመጣ እርጉዝ። እኔ ነርስ አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ደም የማይ ሰው ነኝ። ግን ሮቢት ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት። በስሜ የሚጠራኝ ሰው መኖሩን እንጃ። መሠረት ነው ስሜ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊውን የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩት። «በወባ ወቅት፣ ሲስተር?» አለኝ። ዘንድሮ ካልወጣሁበት እንደሚቃጠል ነገርኩት። ዘጠኝ ዓመት ፈቃዴን የወሰድኩት እማዬ ሆስፒታል ስትገባ ብቻ እንደሆነ እሱም ያውቃል። እስከ ዓርብ ላስብበት አለ።

ማታ ለኃይሉ ደወልኩ። ታናሼ ነው፤ አዲስ አበባ ይኖራል። ነገርኩት። ሁለት ሰው ያልኩትን አይደለም፤ መሄዴን ብቻ።

«ዓመቷ ሳይወጣ?» አለኝ። «ጥቁር ለብሰሽ መርከብ ላይ ልትጨፍሪ ነው?»

«ማን ጭፈራ አለ?»

«ሰው ምን ይላል፣ መሲ? እድሩ ምን ይላል? ማረፍ ከፈለግሽ እኛ ጋ ነይ፤ ልጆቹም ናፍቀውሻል።»

ሠራተኛቸው ጥላቸው እንደሄደች ሚስቱ ባለፈው ሳምንት ነግራኛለች። ይህን አነሣሁበት። ማንሣት አልነበረብኝም። «ዘጠኝ ዓመት አንድ ሌሊት እንኳ መጥተህ አልቀየርከኝም» አልኩት። ይህንንም ማለት አልነበረብኝም፤ ግን እውነት ነው። ስልኩን ዘጋው።

የእድሩን ነገር አስባለሁ። እማዬ የሞተች ዕለት ድንኳኑን የተከሉት፣ ውሃ የቀዱት፣ ሦስት ቀን ሲያስተዛዝኑኝ የዋሉት እነሱ ናቸው። ያኔ ቤቱ ሙሉ ነበር። ከአርባው በኋላ ማንም በሬን አላንኳኳም። አልቀየምኳቸውም፤ ሁሉም የራሱ ኑሮ አለው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

መጥፎ ቀን።

ቤዛ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለች። የትልቁ መርከብ ቦታ ቅዳሜ ይዘጋል። የሁለታችንም ፓስፖርት ኮፒ ያስፈልጋታል፤ ለእማዬ ደግሞ የሐኪም ደብዳቤ። «እማማ አጠገብዎ ካሉ ልጠይቃቸው፤ መርከቡ ላይ ስለሚወስዱት መድኃኒት አንድ ሁለት ጥያቄ ነው» አለች።

«ተኝታለች» አልኩ።

ማይክሮስኮፑ ላይ ያስቀመጥኩትን ስላይድ እንደገና ማየት አቃተኝ። ባልደረባዬን አስጨረስኳትና ቤቴ ገባሁ።

አልጋዋ እንዳለ ነው። ፍራሹን ፀሐይ አስመትቼ መልሼዋለሁ፤ አንሶላውን በየሁለት ሳምንቱ አጥባለሁ። ለምን እንደማጥበው አላውቅም። እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ እትዬ ዘሃራ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

ግቢያችን አንድ አጥር ነው የሚለየው። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። አሊዩ አምባ ነው የተወለደችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በንግድ ያልሄደችበት የለም። ቆልፌ የማላውቀው በር ተዘግቶ ስታየው አሞኛል ብላ ነው የመጣችው።

ሁሉንም ነገርኳት። ዊልቸሩን፣ ጨው የሌለውን ምግብ፣ «ተኝታለች» ያልኩትን። ትሥቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሣቀችም።

«ለባል አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው በኛ» አለች። «ለእናት ሦስት ቀን። ከሦስት ቀን ወዲያ ዱዓ ነው እንጂ ሐዘን አይደለም።»

«ሦስት ቀን በቅቷችሁ ያውቃል?» አልኳት።

«ወላሂ አይበቃም» አለች። «ግን ሥራ ያስገባሻል።»

ስለ ባሕር ጠየቅኳት። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ታጁራ በጀልባ ተሻግራለች። አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ፣ ከዚያ ወዲያ በአላህ ስም ምዬ ተውኩት አለች። ውሃው ምን ይመስላል ብላት ትንሽ አሰበች። «ማለቂያ የለውም። የምታይው ነገር ስለሌለ ዓይንሽ ያርፋል።»

ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ለልጅቷ እውነቱን ንገሪያት። እናትሽን መንገድ ለመንገድ አታንከራትቻት» አለችኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ነገርኳት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ እንደገባች ደወልኩ። ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ አላነበብኩትም። «እናቴ ሞታለች። ጥር ላይ ነው። የዋሸሁሽ አንቺን ለማታለል አይደለም» አልኩ።

አጠገቧ ሌላ ስልክ ሲጮኽ ይሰማኛል። «ነፍስ ይማር» አለች። «ታዲያ ለአንድ ሰው ላድርገው?»

ከዚህ የተሻለ ምንም ልትለኝ አትችልም ነበር። ብታዝንልኝ ኖሮ ስልኩን እዘጋ ነበር። ግን ለአንድ የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ዋለ።

ለአንድ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ትልቁ መርከብ ላይ ክፍሉ ሁሉ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ብቻውን የሚተኛ የሁለት ሰው ሊከፍል ምንም አይቀረው። ወይም ከማላውቃት ሴት ጋር ያስተኙኛል። ፎቶዎቹን እንደገና አየኋቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይበላሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ። ሊፍቱና ረጅሙ ኮሪደር ደሴ ሪፈር የተባልንበትን ሆስፒታል መሰለኝ። ማክሰኞ ለእማዬ ስመርጠው ይህ ሁሉ አልታየኝም።

«ትንሹ መርከብ ላይስ?» አልኳት።

ትንሹ ላይ የአንድ ሰው ክፍል ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ተይዟል። የቀረው ከታች ነው፣ ጠባብ ነው፣ ክብ መስኮት አለው። «ደረጃው ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ይከብድዎት ይሆን?» አለች። ለእኔ አይከብደኝም አልኩ። ይህን ማለት ነውር መሰለኝ። እማዬን ከታች ትቻት የወጣሁ ያህል።

ኃላፊው ፈቀደልኝ። ከካራቆሬ ጤና ጣቢያ አንድ ባለሙያ በውሰት ይመጣል። «ወዴት ነው ጉዞው?» አለኝ። «ወደ ባሕር» አልኩት። ጸበል መሰለው። «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለኝ። አላረምኩትም።

እትዬ ዘሃራ ማታ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። «ከቤትሽ ውጭ ያደርሽው መቼ ነው?» አለች። ቆጥሬ ነገርኳት፤ ሆስፒታሉን ሳይጨምር ዘጠኝ ዓመት። «እንግዲያ ባሕር ላይ ከምትጀምሪው እዚሁ ደብረ ሲና ጀምሪ። ባይሆንልሽ በአንድ ሰዓት ቤትሽ ነሽ» አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ደብረ ሲና።

መንገዱ ክፍት ነው ሲሉ ሰምቼ ከጠዋቱ ሚኒባስ ያዝኩ። ዳገቱን ስንጀምር ሁሉም መስኮቱን ዘጋ። እኔ በቀሚስና በነጠላ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው ሆቴል ክፍል ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ታች ቆላው ይታያል ብለውኝ ነበር፤ ምንም አይታይም። የእንግዳ መቀበያዋ ሴት «ብቻዎን ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ብቻዬን ነኝ» አልኳት። መዝገቡ ላይ ጻፈችው፤ ቀና ብላም አላየችኝም። ቁልፉን ሰጠችኝ፣ ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ፤ አለቀ። ያን ያህል የፈራሁት ቃል ነበር።

ቤዛ የላከችልኝን የመርከቡን ቅጽ በስልኬ ሞላሁ። የመጨረሻው መስመር፦ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው።

ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ለኃይሉ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አላነሣም። የቤዛ ቢሮ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል። ስምንት ተኩል ላይ ለእትዬ ዘሃራ ደወልኩ።

«ስምዎን ላስገባ?» አልኳት።

«ምን ልታደርጊኝ?»

«አንድ ነገር ብሆን ለእርስዎ ይደውላሉ።»

«አስገቢ» አለች። ቀጥላ፣ «ስልኬ ግን ቻርጅ አይዝም፤ የሱቁንም ጨምሪበት» አለች። የሱቁን ጨመርኩ። ዝምድና የሚለው ላይ ጎረቤት ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ተኛሁ። በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ፣ እማዬን የማገላብጥበት ሰዓት፣ ዛሬ አልቀሰቀሰኝም። ስነሣ ፀሐይ ወጥቷል። ትንሽ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ደግሞ ረሳኋት ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ራበኝ።

ቁርስ ላይ እያለሁ ኃይሉ ደወለ።

«ትናንት ስልኩ ልጆቹ ጋ ነበር» አለ። እውነት ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ደብረ ሲና እንዳለሁ ስነግረው ምን ታደርጊያለሽ አለኝ። «መተኛት እየተለማመድኩ ነው» አልኩት።

«ቆርጠሻል ማለት ነው?»

«መርከቡ ላይ ተቀብለውኛል፤ ዛሬ ጠዋት መልሱ መጣ።»

«እኔ አሁንም ልክ ነው አልልም፣ መሲ።»

«አውቃለሁ።»

«ጥር ላይ ግን ዓመቷን አብረን ነው የምናወጣው። ድግሱን ለእኔ ተይው» አለ። እሺ አልኩ። ልንዘጋ ስንል፣ «ባሕር ላይ ነፋስ አለ ይላሉ። ሹራብ ያዢ» አለኝ።

ሮቢት ውስጥ ሹራብ ያለው ሰው የለም። እኔም ኖሮኝ አያውቅም። ከሆቴሉ ወጥቼ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ሄድኩ። አንዷ ጥቁር ልብሴን አይታ ጥቁሩን አነሣችልኝ። ያዝኩት፤ ብዙ አገላበጥኩት። ከዚያ ከሥር የነበረውን ጠቆምኳት፤ ድፍን ሰማያዊ ነው፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ። «ይኼ ይሻለኛል» አልኩ። ለሰው ምን እንደሚመስል አላውቅም። ለእኔም ገና አልተለየልኝም።

አሁን ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ ቁልቁለቱን ጨርሰናል። ሙቀቱ መጣ፤ ሰዉ ሁሉ መስኮት እየከፈተ ነው። አጠገቤ ያሉት ሴት ሹራቡን በፌስታል አይተው «ለማን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«የኔ ነው» አልኳቸው።